ጨረታው ከመታወጁ በፊት፦ የትልቅ ግንባታ ጨረታን ከዝግጅት እስከ ውል ፊርማ መምራት

ለትልቅ ግንባታ ጨረታ ማውጣት ከሩቅ ሲታይ ቀላል ነው። ሰነድ ይዘጋጃል፣ ማስታወቂያ ይወጣል፣ ፖስታ ይከፈታል፣ ትንሽ ዋጋ ያቀረበው ይወስዳል። በሥራው ውስጥ ያለፈ ሰው ግን እንዲህ እንደማይሄድ ያውቃል። ግንባታው ተጀምሮ ክርክር ሲነሳ፣ ክፍያ ሲንጠለጠል፣ ሳይቱ ጭር ሲል፣ ምክንያቱን ወደ ኋላ እየተከተልኩ ሄጄ ብዙ ጊዜ የማገኘው ጨረታው ከመታወጁ በፊት የተዘለለ አንድ ነገር ነው። ያላለቀ ንድፍ። ያልተጣራ መጠን። ሁለት ሰው ሁለት ዓይነት አድርጎ የሚያነበው መስፈርት።

ስለዚህ እዚህ ላይ ሰፋ አድርጌ የምናገረው ፖስታ ከመከፈቱ በፊት ስላለው ሥራ ነው። የምጽፈውም በአሠሪው ወገን ሆናችሁ ጨረታውን ለምትመሩ ባለሙያዎች ነው። የግዥ ሕጉ ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ የምትሠሩበትን ሕግ ቀድማችሁ አንብቡ። መሠረቱ ግን የትም ቢሆን አንድ ነው።

1. መጀመሪያ ዝግጁ መሆናችሁን እዩ

መቼ ይውጣ ከማለታችሁ በፊት የሚወጣው ነገር አልቋል ወይ በሉ። አለቃ ይቸኩላል። የበጀት ዓመቱ ሊዘጋ ነው ይባላል። "ንድፉ ጨረታው አየር ላይ እያለ ይጠናቀቃል" ይባላል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባል አለ፤ የፈሰሰ ኮንክሪት ግን አይለቀምም።

በአውስትራሊያ የሲድኒ ኦፔራ ሃውስ ግንባታ እ.ኤ.አ. በ1959 ሲጀመር የጣሪያው ንድፍ ገና መፍትሔ አላገኘም ነበር። ከታች የቆሙት ምሰሶዎች በኋላ የመጣውን ጣሪያ መሸከም ስለማይችሉ እንደገና መሠራት ነበረባቸው። በ1963 ያልቃል የተባለው ሕንፃ የተመረቀው በ1973 ነው። በ7 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ያልቃል የተባለው ወጪም 102 ሚሊዮን ደረሰ። ሕንፃው ዛሬ የዓለም ድንቅ ሥራ ነው። ሆኖም ከፋዩ ሕዝብ ሲጀመር የተነገረውና መጨረሻ ላይ የከፈለው በፍጹም አይገናኙም።

ከማስታወቂያው በፊት እነዚህን ፈትሹ፦

- ቦታው። ከክርክር ነፃ ነው? መሬቱ ውስጥ የሚያልፍ የውሃ ቧንቧ ወይም የኤሌክትሪክ ገመድ አለ? ኮንትራክተሩ ገብቶ መሥራት ካልቻለ ለቆሙት ማሽኖቹና ለሠራተኞቹ ካሳ ይጠይቃል። ሒሳቡ የሚመጣው ወደ እናንተ ነው።
- አፈሩ። ምርመራው ሕንፃው በሚያርፍበት ቦታ ላይ መደረግ አለበት። አጠገቡ ካለው ሕንፃ የተወሰደ ሪፖርት አይበቃም።
- ንድፉ። የአርክቴክቸር፣ የስትራክቸር፣ የኤሌክትሪክና የሳኒተሪ ንድፎች እርስ በርስ ተናበዋል? የአየር ቱቦው በቢም (ፎቁን በሚሸከመው አግድም ኮንክሪት) ውስጥ የሚያልፍ ሆኖ ከተሳለ ዛሬ ወረቀት ላይ ማረም የአንድ ቀን ሥራ ነው። ቢሙ ከተሞላ በኋላ ግን ሌላ ታሪክ ነው።
- ገንዘቡ። ከግንባታው ግምት ሌላ መጠባበቂያ፣ ታክስ፣ የቁጥጥር ክፍያና የዋጋ ንረት ተይዞለታል?
- ፈቃዱ። ግንባታውን ሊያስቆም የሚችል ያልተገኘ ፈቃድ አለ?

ከእነዚህ አንዱ ካልተሟላ ጨረታውን አዘግዩ። ከባድ ውሳኔ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ያኔ የምትከራከሩት ከአለቃችሁ ጋር ብቻ ነው፤ በኋላ የምትከራከሩት ከአለቃችሁም፣ ከኮንትራክተሩም፣ ከኦዲተሩም ጋር ነው።

2. ያልታሰበ ነገር ሲመጣ ማን ይክፈል?

የውል ዓይነት መምረጥ ማለት ይህን ጥያቄ አስቀድሞ መመለስ ማለት ነው። በዓለም ላይ በስፋት የሚሠራባቸው የፊዲክ (የዓለም አቀፉ የአማካሪ መሐንዲሶች ፌዴሬሽን) ውሎች በቀለም ተለይተዋል። ቀዩ መጽሐፍ አሠሪው ላስነደፈው ሥራ ነው፤ የሚከፈለውም ሥራው በተጨባጭ እየተለካ ነው። ቢጫው ኮንትራክተሩ ራሱ ነድፎ ለሚገነባው ሥራ ነው። ብርማው ደግሞ አደጋውን በአብዛኛው ለኮንትራክተሩ አስተላልፎ ያለቀለትን ሥራ መረከብ ለሚፈልግ አሠሪ ነው። ሦስቱም እ.ኤ.አ. በ1999 ወጥተው ሁለተኛ እትማቸው በ2017 ታትሟል።

የእኔ ምክር አጭር ነው። ንድፋችሁ ያለቀና ከመሬት በታች ያለው ነገር በደንብ የታወቀ ከሆነ ቁርጥ ዋጋ መጠየቅ ይቻላል። መጠኑ በቁፋሮ ጊዜ የሚለዋወጥ ከሆነ በልኬት የሚከፈል ውል ለሁለቱም ወገን ፍትሐዊ ነው። አደጋውን ሁሉ ኮንትራክተሩ ላይ መጣል ብልጠት ይመስላል። ነገር ግን ልምድ ያለው ተጫራች ያንን አደጋ በዋጋው ውስጥ ይደምረዋል። ልምድ የሌለው ሳይደምር ያሸንፍና መሀል መንገድ ላይ ይወድቃል።

በስኮትላንድ ፓርላማ ሕንፃ ላይ የተመረጠው ኮንስትራክሽን ማኔጅመንት የሚባለው መንገድ ነበር። ሥራው በጥቅል በጥቅል ይከፋፈልና ንድፉ ላለቀለት ክፍል ሁሉ ለየብቻው ጨረታ ይወጣል። ጊዜ ይቆጥባል ተብሎ ነበር። ሕንፃው እ.ኤ.አ. በ2004 የተከፈተው ሦስት ዓመት ያህል ዘግይቶ ነው። በ1997 ከ10 እስከ 40 ሚሊዮን ፓውንድ ተብሎ የነበረው ወጪ 414 ሚሊዮን ደርሷል። ጉዳዩን የመረመረው የሎርድ ፍሬዘር አጣሪ የዚህን መንገድ አመራረጥ አጥብቆ ተችቷል። አደጋው ከሞላ ጎደል በአሠሪው፣ ማለትም በሕዝብ ገንዘብ ላይ አርፎ ነበር። መንገዱ በራሱ ክፉ አይደለም፤ ጠንካራና ፈጣን ውሳኔ የሚሰጥ አሠሪ ይፈልጋል። እንዲህ ዓይነት አሠሪ ካልሆናችሁ አትግቡበት።

3. ሰነዱን አዘጋጁ

ተጫራቹ ስለ ፕሮጀክታችሁ የሚያውቀው ሰነዱ የነገረውን ያህል ነው። የተጫራቾች መመሪያ፣ የጨረታው ልዩ መረጃዎች፣ የግምገማ መስፈርት፣ የውሉ አጠቃላይና ልዩ ሁኔታዎች፣ የዕቃውንና የአሠራሩን ጥራት የሚወስነው ስፔሲፊኬሽን፣ ንድፎች፣ ቢኦኪው የምንለው የሥራ መጠን ዝርዝር እና የሚሞሉት ቅጾች መኖር አለባቸው።

ለቢኦኪው ጊዜ አትንፈጉት። አንድ ጊዜ በሠራሁበት ፕሮጀክት ንድፉ ላይ 181 የእሳት መከላከያ በሮች ነበሩ። ቢኦኪው ላይ 118 ተብለው ገቡ። የተየበው ሰው ሁለት አሃዝ ተገላብጦበት ነው። ስንቱ ሰው ፈርሞበት አለፈ! የተገኘው ውል ከታሰረ በኋላ ነበር፤ የጎደሉት 63 በሮች የተገዙት ፉክክር በሌለበት ነው። ከዚያ ወዲህ ዝርዝሩን ያላዘጋጀ ሌላ ባለሙያ ከንድፉ ላይ እንደገና ሳይለካ ሰነድ አላወጣም። ሁሉንም አይተም፣ ማለትም የዝርዝሩን እያንዳንዱን ተራ፣ መልሶ መለካት አያስፈልግም። ከጠቅላላ ዋጋው ትልቁን ድርሻ የሚይዙት ጥቂት አይተሞች ናቸው፦ ኮንክሪት፣ የአርማታ ብረት፣ ፎርምወርክ (የኮንክሪት ቅርጽ ማውጫ)፣ የመስታወት ሥራ፣ ሊፍት፣ የኤሌክትሮ ሜካኒካል ዕቃዎች። በተለይ እነዚህን፣ በተጨማሪም በቁጥር የሚቆጠሩትን ሁሉ እንደገና ቁጠሩ።

ሁለተኛው በሽታ ኮፒ ፔስት ነው። ያለፈው ዓመት የትምህርት ቤት ሰነድ ስሙ ተቀይሮ ለሆስፒታል ይወጣል። ስፔሲፊኬሽኑ ውስጥ የጥቁር ሰሌዳ ቀለም ይገኛል፤ የኦክስጅን መስመር ግን የለም። ተጫራቹ ይህን ሲያይ ሁለት ነገር ያስባል። አሠሪው የሚፈልገውን አያውቅም ይላል። ከዚያም በኋላ ምን ያህል የለውጥ ሥራና ክሌም (የተጨማሪ ክፍያ ጥያቄ) እንደሚያገኝ ያሰላል።

ንድፍ፣ ስፔሲፊኬሽንና ቢኦኪው ሲጋጩ የትኛው እንደሚበልጥ በግልጽ ጻፉ። በዕቃ ዓይነት የአንድ አምራች ስም ከመጥራት ይልቅ ዕቃው ሊያሟላ የሚገባውን ብቃት ዘርዝሩ። ስም መጥራት የግድ ከሆነ "ወይም ተመጣጣኝ" የሚለው ከጎኑ ይግባ። በዝርዝር ላልታወቀ ሥራ የምትይዙትን ገንዘብ፣ ፕሮቪዥናል ሰም የሚባለውን፣ ደግሞ ትንሽ አድርጉት። ያልተነደፈውን ሁሉ እዚያ ውስጥ መክተት ጨረታ ሳይኖር ሥራ መስጠት ነው።

ጠቅላላ የምሕንድስና ግምታችሁንም በዚሁ ጊዜ ጨርሱ፤ በገበያው ዋጋ፣ አይተም በአይተም። ጥቂት ሰው ብቻ ይወቀው። ያለ እሱ በኋላ የሚመጣውን ዋጋ ውድ ነው ወይም አጠራጣሪ ርካሽ ነው ለማለት መለኪያ አይኖራችሁም።

መጨረሻ ላይ ሰነዱን በዝግጅቱ ላይ ላልነበረ አንድ ባለሙያ ስጡትና "ኮንትራክተር ብትሆን ምን ትጠይቃለህ?" በሉት። የሚያወጣው የጥያቄ ዝርዝር ተጫራቾች በሦስተኛው ሳምንት የሚልኩላችሁ ነው።

4. የብቃት መስፈርቱን ከሥራው ላይ ቅዱት

መስፈርት ሲጠብቅ ተወዳዳሪ ይጠፋል። ሲላላ ደግሞ አቅም የሌለው ይገባል። መሀሉን የምታገኙት ቁጥሮቹን ከፕሮጀክቱ ስታወጡ ነው። የገንዘብ አቅምን እንውሰድ። ውሉ 240 ሚሊዮን፣ የግንባታው ጊዜ 24 ወር ነው እንበል። በአማካይ በወር የ10 ሚሊዮን ሥራ ይሠራል። ሥራው ተሠርቶ፣ ተለክቶ፣ ጸድቆ ገንዘቡ ኮንትራክተሩ እጅ እስኪገባ ሦስት ወር የሚፈጅ ከሆነ በራሱ ገንዘብ የሦስት ወር ሥራ መሸከም አለበት። ስለዚህ ቢያንስ 30 ሚሊዮን ጥሬ ገንዘብ ወይም የተረጋገጠ የብድር አቅርቦት እንዲያሳይ መጠየቅ ምክንያት አለው። ተጫራቹ "ይህ ቁጥር ከየት መጣ?" ቢል ስሌቱን ታሳዩታላችሁ።

በልምድ በኩልም እንዲሁ ነው። ባለ 15 ፎቅ ሕንፃ ለማሠራት ባለ 15 ፎቅ ሕንፃ ብቻ መጠየቅ አያስፈልግም። ሥራውን የሚያከብደው ምንድነው? ጥልቅ ቁፋሮ ከሆነ ጥልቅ ቁፋሮ የሠራ ይምጣ። አንድ ድርጅት ብቻ የሚያሟላው መስፈርት ካያችሁ ግን ቆም በሉ። ማን ጻፈው? ለምን?

መስፈርቶቹን በተቻለ መጠን ያሟላል ወይም አያሟላም የሚባሉ አድርጓቸው። ነጥብ የሚሰጥባቸው ካሉ ለየትኛው ስንት እንደሚሰጥ ሰነዱ ውስጥ ይጻፍ። "ጥሩ የሥራ ዘዴ፣ 20 ነጥብ" ብሎ መተው ለገምጋሚው ብዕር መስጠት ነው። ሥራው በጣም ትልቅ ወይም ውስብስብ ከሆነ ደግሞ ቅድመ ማጣሪያ አድርጉ። ብቁዎቹ ቀድመው ይለያሉ፤ ዋጋ የሚያስገቡት እነሱ ብቻ ይሆናሉ። የትልቅ ጨረታ ዋጋ ማዘጋጀት ለተጫራቹ ብዙ ወጪ ነው። ዕድል የሌለውን ሰው ያንን ሁሉ ማድከም ነውር ነው።

5. ማስታወቂያ፣ ጉብኝትና ጥያቄ

በቂ ጊዜ ስጡ። በዓለም የንግድ ድርጅት የመንግሥት ግዥ ስምምነት በተለመደው ክፍት ጨረታ ዝቅተኛው ጊዜ 40 ቀን ነው። ለትልቅ ሕንፃ ይህም ሊያንስ ይችላል። ተጫራቹ ዕቃ አቅራቢዎችንና ንዑስ ተቋራጮችን ዋጋ መጠየቅ አለበት፤ ምላሽ ለማግኘት ብቻ ሳምንታት ይሄዳሉ። ጊዜ ሲያጥረው በግምት ይሞላል። በግምት የተሞላ ዋጋ ደግሞ ወይ የእናንተን ኪስ ወይ የእሱን ይጎዳል።

የሳይት ጉብኝቱን በጊዜው መሀል አድርጉት፤ ሰነዱን አንብበው ጥያቄ ይዘው እንዲመጡ። እዚያ ቆማችሁ በቃል የምትመልሱት ነገር በሙሉ በጽሑፍ ካልወጣ አይጸናም፤ ይህንን እዚያው ንገሯቸው።

ስለ ጥያቄና መልስ አንድ ሕግ አለ፣ የማይሻር። ለአንዱ የተመለሰው ለሁሉም ይላካል፣ የጠያቂው ስም ሳይጠቀስ። አንድ ተጫራች ስልክ ደውሎ "ይሄ ነገር ምን ማለት ነው?" ሲላችሁ መመለስ ቀላል ይመስላል። ሰውየው ቅን ሊሆን ይችላል። እናንተም ቅን ናችሁ። ነገር ግን ስልኩ ሲዘጋ እሱ የሚያውቀው፣ ሌሎቹ የማያውቁት ነገር አለ። "በጽሑፍ ላክልኝ፣ ለሁሉም እመልሳለሁ" በሉት።

ማሻሻያ ወይም አዴንደም ሲወጣ እያንዳንዱ ተጫራች መቀበሉን በጽሑፍ ያረጋግጥ። ለውጡ ዋጋን በደንብ የሚነካ ከሆነ የመዝጊያውን ቀን አራዝሙ። መዝጊያው ሁለት ቀን ሲቀረው የመሠረት ንድፍ ቀይሮ ቀኑን አለማራዘም ለማንም አይበጅም።

ተጫራቹ ከጨረታው እንዳይወጣ የሚያስይዘው ዋስትና፣ የጨረታ ማስከበሪያው፣ የሚጸናበት ጊዜ ከዋጋው መጽኛ ጊዜ፣ ማለትም ተጫራቹ ዋጋውን ሳይለውጥ ከሚቆይበት ጊዜ፣ ማለፍ አለበት። በዓለም ባንክ የጨረታ ሰነዶች የተለመደው 28 ቀን ጨምሮ ነው። ግምገማችሁ ሊጓተት እንደሚችል ካወቃችሁ የዋጋውን መጽኛ ጊዜ ከመነሻው አስረዝሙት። መሀል ላይ "አራዝሙልን" ብሎ መለመን አሸናፊውን የመውጫ በር ማሳየት ነው።

6. ሳጥኑን ዝጉ፣ ፖስታውን ክፈቱ

ይህ ክፍል በአግባቡ ከተሠራ አጭር ነው። ሰዓቱ ሲደርስ ይዘጋል። ከአንድ ደቂቃ በኋላ የመጣ ሳይከፈት ይመለሳል፤ የቱንም ያህል ትልቅ ድርጅት ይሁን። ወዲያው በተጫራቾች ፊት ክፈቱ። የተጫራቹን ስም፣ ጠቅላላ ዋጋውን፣ ቅናሽ ካለ ቅናሹን፣ ማስከበሪያ ማስገባቱን ጮክ ብላችሁ አንብቡ፤ በቃለ ጉባኤ አስፍሩና አስፈርሙ። በመክፈቻው ላይ ያልተነበበ ቅናሽ በግምገማ ላይ አይቆጠርም። የዋጋ ገጾቹን የኮሚቴው አባላት አንድ በአንድ ይፈርሙባቸው፤ ገጽ እንዳይለወጥ መከላከያው ይህ ነው። ቴክኒኩና ዋጋው በሁለት ፖስታ ተለይተው የገቡ ከሆነ የቴክኒኩ ብቻ ይከፈታል። የዋጋው ታሽጎ ገለልተኛ በሆነ ሰው እጅ ይቀመጥ።

በመክፈቻው ላይ ማንንም አትጣሉ፣ ማንንም አሸነፈ አትበሉ። የዚያ ቀን ሥራ ማንበብ ብቻ ነው።

7. ግምገማ

የገምጋሚ ኮሚቴው አባላት ሥራ ከመጀመራቸው በፊት የተጫራቾቹን ስም ዝርዝር ያዩና የጥቅም ግጭት እንደሌለባቸው ይፈርሙ። ወንድሙ፣ የቀድሞ አሠሪው ወይም ሸሪኩ ከተጫራቾቹ አንዱ የሆነ ሰው በራሱ ይውጣ። መውጣቱ ክብር ነው።

ከዚያ በኋላ የሚመራችሁ አንድ ነገር ነው። ሰነዱ ውስጥ ያልተጻፈ መስፈርት የለም። በግምገማ ላይ ቁጭ ብሎ "ይሄኛው እኮ ማሽኑ አዲስ ነው" ማለት ያጓጓል። ማሽኑ አዲስ መሆኑ በሰነዱ ካልተጠየቀ ነጥብ አያስገኝም። የተረሳ ነገር ካለ የረሳችሁት እናንተ ናችሁ፤ የሚጎዳው ተጫራቹ መሆን የለበትም።

ጉድለት ስታገኙ ሦስት ጥያቄ ጠይቁ። የሥራውን ስፋት ወይም ጥራት ይቀይራል? የአሠሪውን መብት ወይም የተጫራቹን ግዴታ ይቀንሳል? እሱን ብንቀበል ሌሎቹ ይበደላሉ? ለአንዱ እንኳ መልሱ አዎ ከሆነ ጉድለቱ መሠረታዊ ነው። ለሦስቱም አይደለም ከሆነ ማብራሪያ ጠይቃችሁ እለፉት። የአንድ ገጽ ማኅተም ጎደለ ብሎ ጥሩ ተጫራች መጣል የሕዝብ ገንዘብ መጣል ነው። ያለ ማስከበሪያ የመጣን መቀበል ደግሞ አምጥተው የተወዳደሩትን መበደል ነው።

ቀጥሎ የሒሳብ ማጣራት። ተጫራቹ 1,250 ካሬ ሜትር በ84 ሞልቶ ድምሩን 150,000 ብሎ ጻፈ እንበል። ትክክለኛው 105,000 ነው። በተለመደው ደንብ የሚጸናው ነጠላ ዋጋው ነው፣ ድምሩም ይታረማል፤ የነጠላ ዋጋው የአስርዮሽ ነጥብ በግልጽ የተሳሳተ ቦታ ካልገባ በስተቀር። በፊደልና በአሃዝ የተጻፈው ሲለያይ የፊደሉ ይጸናል። እርማቱን ተጫራቹ በጽሑፍ ይቀበል።

አሁን ብዙ ኮሚቴ የሚያልፈው ነገር ላይ ደረስን። ጠቅላላ ድምሩን ብቻ አትዩ፣ ውስጡን እዩ። ሁለት ተጫራቾች አሉ። የመጀመሪያው 98 ሚሊዮን፣ ሁለተኛው 99 ሚሊዮን አቀረቡ። ቢኦኪው ላይ የዓለት ቁፋሮ 200 ሜትር ኪዩብ ተይዟል። የመጀመሪያው ነጠላ ዋጋውን 900 አድርጎታል፣ ሁለተኛው 150። በ200 ሜትር ኪዩብ ልዩነቱ 150,000 ብቻ ስለሆነ ዓይን አይገባም። ቁፋሮው ሲጀመር ዓለቱ 5,000 ሜትር ኪዩብ ሆኖ ቢገኝስ? የመጀመሪያው ጠቅላላ ዋጋ 102.32 ሚሊዮን ይሆናል። የሁለተኛው 99.72 ሚሊዮን። "ርካሹ" በ2.6 ሚሊዮን በለጠ። ይህ ተጫራች ምናልባት ሳይቱን ከእናንተ በተሻለ አይቷል፤ የእናንተ 200 ትንሽ መሆኑን ገምቶ ዋጋውን እዚያ ላይ ሰቀለው።

ሌላው መልኩ መጀመሪያ ላይ የሚሠሩትን ሥራዎች አስወድዶ የመጨረሻዎቹን ማርከስ ነው። ቁፋሮና መሠረት ላይ ገንዘቡን ቀድሞ ይሰበስባል። ፊኒሺንግ ላይ ሲደርስ የሚያተርፍበት ነገር ስለሌለ ይቀዘቅዛል። የሁሉንም ተጫራቾች ነጠላ ዋጋ ከእናንተ ግምት ጋር ጎን ለጎን በሠንጠረዥ አስቀምጡ፤ ከሌሎቹ ተለይቶ የወጣውን ቀለም ቀቡት። የዋጋ ትንተና አስመጡ። ሰነዱ የሚፈቅድ ከሆነም አሸናፊው ውሉን ለመፈጸሙ የሚያስይዘውን የውል ማስከበሪያ ከፍ ማድረግ አንዱ መፍትሔ ነው።

በጣም ዝቅ ብሎ የመጣ ጠቅላላ ዋጋም ወዲያው አይጣልም፣ ወዲያውም አያስደስት። በምን ዘዴ፣ በምን ዕቃ፣ በስንት የሰው ኃይል እንደሚሠራው በጽሑፍ ጠይቁት። የራሱ የድንጋይ መፍጫ ሊኖረው ይችላል፤ ያ በቂ ምክንያት ነው። "እንችላለን" ብቻ ካለ ግን አላስረዳም። የአርማታ ብረቱን ዋጋ ከገበያው አነጻጽሩ። ብረቱን ከሚገዛበት በታች የሚሸጥላችሁ ሰው የሆነ ቦታ ላይ ይቀንሳል፤ ምናልባት ብረቱ ላይ ራሱ።

የመመሳጠርንም ምልክት ፈልጉ። በእንግሊዝ የፍትሐዊ ንግድ ቢሮው እ.ኤ.አ. በ2009 በ103 የግንባታ ድርጅቶች ላይ በድምሩ ወደ 129 ሚሊዮን ፓውንድ ቅጣት ጥሏል። ጉዳዩ በአብዛኛው የሽፋን ዋጋ የሚባለው ነበር። ማሸነፍ የማይፈልግ ተጫራች ከሌላው ዘንድ ሆን ተብሎ ከፍ የተደረገ ዋጋ ተቀብሎ ያስገባል፤ አሠሪው ግን ውድድር ያለ ይመስለዋል። በሁለት ሰነድ ላይ አንድ ዓይነት የፊደል ስህተት፣ በሁሉም አይተም ላይ በእኩል በመቶኛ የሚበልጥ ነጠላ ዋጋ፣ ወይም ተሸናፊው ንዑስ ተቋራጭ ሆኖ መምጣቱ ምልክቶች ናቸው። ምልክት ግን ማስረጃ አይደለም። አይታችሁ መዝግቡና ሥልጣን ላለው አካል አሳውቁ፤ ራሳችሁ አትፍረዱ።

ሪፖርቱን ስትጽፉ የወደቀው ሁሉ በየትኛው የሰነዱ አንቀጽ እንደወደቀ ይግባ። ከአንድ ዓመት በኋላ፣ ከእናንተ ማንም በሌለበት፣ አንድ ኦዲተር አንብቦት ወደዚያው ውሳኔ መድረስ መቻል አለበት።

8. ውጤቱን አሳውቁና ውሉን እሰሩ

ውጤቱን ለአሸናፊውም ለተሸናፊዎቹም በአንድ ቀን ላኩ። ከዚያ ውል ሳትፈርሙ ጠብቁ፤ ቅሬታ ያለው እንዲያቀርብ። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ ውጤቱ በኤሌክትሮኒክ መንገድ ከተላከ ይህ የመጠበቂያ ጊዜ ቢያንስ 10 ቀን ነው። ለተሸነፈው ምክንያቱን በግልጽ ንገሩት። "አላሟላችሁም" አይበቃም፤ "የተጠየቀው 30 ሚሊዮን የገንዘብ አቅም ሲሆን ያቀረባችሁት የባንክ ደብዳቤ 18 ሚሊዮን ያሳያል" በሉት። ምክንያቱን የተረዳ ሰው በሚቀጥለው ጨረታ ተሻሽሎ ይመጣል። ያልተረዳ ግን ሁለተኛ አይመጣም፤ ተወዳዳሪያችሁ በአንድ ቀነሰ።

ከአሸናፊው ጋር በሚደረገው የቅድመ ውል ውይይት ዋጋ ለማስቀነስ አትሞክሩ። የሥራ ፕሮግራሙን፣ የሚመደቡትን ሰዎችና የቦታ ርክክቡን ቀን ተነጋገሩ። በጨረታው ላይ ስማቸው የቀረበው መሐንዲሶች በእርግጥ እንደሚመጡ ያኔ አረጋግጡ።

የውል ማስከበሪያና የቅድመ ክፍያ ዋስትና ሲመጣ ትክክለኛነቱን ሰጪውን ባንክ ራሳችሁ ጠይቃችሁ አጣሩ። ደብዳቤው ላይ ወደተጻፈው ስልክ አትደውሉ። የባንኩን አድራሻ በራሳችሁ መንገድ አግኙና የጽሑፍ ማረጋገጫ ተቀበሉ። ሐሰተኛ ዋስትና የሚታወቀው ብዙ ጊዜ ገንዘቡ በተፈለገበት ቀን ነው፤ ያኔ ምንም ማድረግ አይቻልም።

ከፊርማው በኋላ ኮሚቴው ከመበተኑ በፊት ውሉን የሚያስተዳድረውን መሐንዲስና ሱፐርቫይዘሩን ጥሩና ግማሽ ቀን አብራችሁ ተቀመጡ። ቀለም የቀባችሁባቸውን ነጠላ ዋጋዎች አሳዩዋቸው። በጥያቄና መልስ የተለወጠውን፣ አሸናፊው በማብራሪያው ቃል የገባውን፣ ሳይቱ ላይ የሚያሰጋችሁን ነገር አንድ በአንድ ንገሯቸው። የጨረታውን ሙሉ ፋይል፣ የአዴንደሞቹንና የቃለ ጉባኤዎቹን ቅጂ ጨምራችሁ፣ በዝርዝር አስፈርማችሁ አስረክቡ። የዓለት ቁፋሮው ልኬት በሚወሰድበት ቀን ሱፐርቫይዘሩ ሳይት ላይ ሜትር ይዞ መገኘት እንዳለበት የሚያውቀው እናንተ ከነገራችሁት ነው።